የአማልፊ ዳርቻ፦ እርሻም ሰፊ ወደብም የሌለው ገደል እንዴት የባሕር ንግድ መናኸሪያ ሆነ?

ጠያቂያችን በመጪው ግንቦት ለሦስት ቀናት ወደ ደቡብ ኢጣሊያ፣ ወደ አማልፊ ዳርቻ ሊሄዱ መሆኑን ገልጸው፣ ያነበቡት አንድ ነገር እንዳልገባቸው ጽፈዋል። አማልፊ በመካከለኛው ዘመን ከፒሳና ከጄኖዋ ቀድማ የሜድትራኒያን ባሕር የንግድ ኃይል እንደ ነበረች አንብበዋል፤ በፎቶግራፍ የሚያዩት ግን በሁለት ገደል መካከል የተጣበቀች ትንሽ ከተማ ናት። የሚታረስ መሬት የላትም፣ ይህ ነው የሚባል ወደብም የላትም። እንዲህ ያለ ቦታ እንዴት ለዚያ ክብር በቃ? ለምንስ ወደቀ? ከዚያ ዘመን ዛሬ ቆሞ የሚታይ ምን አለ? ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። በምላሼ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ዋናውን መልስ በቅድሚያ ልስጥ። አማልፊን ያበለጸጋት የተቀመጠችበት መሬት አይደለም፤ ነጋዴዎቿ ከዚያ መሬት ወጥተው በቁስጥንጥንያ፣ በካይሮ፣ በእስክንድርያና በኢየሩሳሌም መኖራቸው ነው። ከተማዋ ራሷ በታላቅነቷ ዘመን እንኳ ትንሽ ነበረች። አንዳንድ የጉብኝት ጽሑፎች ያን ጊዜ 50,000 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሕዝብ ነበራት ይላሉ፤ ሸለቆውን በእግሩ ያቋረጠ ሰው ግን ይህን ያህል ሕዝብ የት አድሮ ምን በልቶ ይኖር ነበር ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ እኔም ቁጥሩን አልቀበለውም። ዛሬ በፎቶግራፍ የሚያደንቁት የእርከን፣ የሎሚና የደረጃ መልክዓ ምድር በአብዛኛው የኋላ ዘመን ሥራ ነው፤ ባሕሩ ከእጃቸው የወጣባቸው ሰዎች ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው በብዙ ትውልድ ድካም የሠሩት ነው። ስለዚህ በአንድ ዳርቻ ላይ ሁለት ታሪክ ተደራርቦ ይገኛል፤ ጎብኚ ግራ የሚጋባውም ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያይ ነው።

ከመሬቱ አቀማመጥ ልጀምር። የሶሬንቶ ልሳነ ምድር ከኔፕልስ በስተ ደቡብ ወደ ቲሬኒያን ባሕር ዘልቆ የገባ ሲሆን፣ የአማልፊ ዳርቻ የሚባለው የሳሌርኖን ባሕረ ሰላጤ የሚመለከተው ደቡባዊ ጎኑ ነው። ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ የላታሪ ተራሮች እስከ 1,444 ሜትር ከፍታ ይነሣሉ። ተራሮቹ የኖራ ድንጋይ ናቸው፤ በላያቸው ላይ ደግሞ ቬሱቪየስ የተባለው እሳተ ገሞራ በየዘመኑ የተፋው አመድ በስሱ ተነጥፏል። ይህን አመድ ልብ ይሉልኛል፤ ለሎሚውም ለጥፋቱም ምክንያት ስለሚሆን ኋላ እመለስበታለሁ። ከተራራው የሚወርዱት አጫጭር ወንዞች ድንጋዩን ሰንጥቀው ጠባብ ሸለቆ ያበጁ ሲሆን፣ ከተሞቹ የተቆረቆሩት ወንዙ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ ነው፤ አማልፊ በካኔቶ ወንዝ፣ አትራኒ በድራጎኔ ወንዝ፣ ሚኖሪና ማዮሪም እንዲሁ በየወንዛቸው አፍ ተቀምጠዋል። ራቬሎና ስካላ ደግሞ ከበላይ፣ ሸለቆውን ከሚለዩት ጉብታዎች አናት ላይ ይገኛሉ። ከእነዚህ ሁሉ ትንሿ አትራኒ ስትሆን፣ የቆዳ ስፋቷ 0.12 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በመላው ኢጣሊያ በስፋት ከእርሷ የሚያንስ የማዘጋጃ ቤት ግዛት የለም።

ሰዎች እዚህ ለምን ሰፈሩ ለሚለው፣ ዋናው ምክንያት ጥበቃ ነው። የምዕራቡ የሮማ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ሎምባርድ የተባሉት ከሰሜን የመጡ ሕዝቦች መሳፍንት የውስጡን ሜዳ ሲይዙ፣ ገደሉና ባሕሩ ለዳርቻው ሰዎች መሸሸጊያ ሆኑ። የአማልፊ ስም በ596 ታላቁ ጳጳስ ጎርጎርዮስ በጻፉት ደብዳቤ ላይ ጳጳስ ያላት ምሽግ ሆና ተጠቅሳ ይገኛል። ከተማዋ በኔፕልስ መስፍን ሥር፣ በስም ደግሞ በቁስጥንጥንያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበረች። በ838 የቤኔቬንቶው የሎምባርድ መስፍን ሲካርድ ወርሮ ነዋሪዎቿን ወደ ሳሌርኖ አፈለሳቸው፤ በዓመቱ እርሱ ሲገደል አማልፊዎቹ ሳሌርኖን ዘርፈው ወደ ገደላቸው ተመለሱና ከኔፕልስም ተለይተው የራሳቸውን አለቃ ሾሙ። የአማልፊ ነጻነት የሚቆጠረው ከ839 ጀምሮ ነው። መጀመሪያ የገዟት የመኳንንት ቤተሰቦች የሚያወጧቸው አለቆች ሲሆኑ፣ ከ10ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ መስፍን የሚል ማዕረግ ይዘዋል። «ሪፐብሊክ» የሚለው አጠራር ከተለመደ ቆይቷል፤ ሥልጣኑ ግን የሕዝብ አልነበረም፤ የጥቂት ቤተሰቦች ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዘመን ሜድትራኒያን በሦስት ዓለማት የተከፈለ ባሕር ነበር፤ በምሥራቅ የቢዛንታይን ግሪኮች፣ በደቡብ የሙስሊም መንግሥታት፣ በሰሜንና በምዕራብ የሮማን ቤተ ክርስቲያን የሚከተሉት ላቲኖቹ። በሦስቱም ገበያ ገብቶ የሚወጣ ነጋዴ ትርፉ ብዙ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ በአንደኛው ዓለም ጨርሶ የማይዋጥ፣ ከሌሎቹም ጨርሶ የማይጣላ ሰው ያስፈልግ ነበር። አማልፊዎች በስም የቢዛንታይን ተገዢዎች በመሆናቸው የቁስጥንጥንያ በር ክፍት ሆኖላቸዋል። በእምነት ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ጋር በመሆናቸው በኢጣሊያ ገበያ እንግዳ አልነበሩም። ከሰሜን አፍሪካና ከሲሲሊ ሙስሊሞች ጋርም የንግድ ሰላም ነበራቸው። ይህ ሰላም ሁልጊዜ በመልካም ዓይን አልታየም። በ849 የአማልፊ መርከቦች ከኔፕልስና ከጋኤታ መርከቦች ጋር አብረው ሮማን ሊወር የመጣውን የሙስሊም መርከበኛ ጦር በኦስቲያ ፊት ለፊት ተዋግተዋል፤ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ግን ጳጳስ ዮሐንስ 8ኛ ከሙስሊሞቹ ጋር ያላቸውን ስምምነት እንዲያፈርሱና የሮማን ዳርቻ እንዲጠብቁ ገንዘብ ሰጥተዋቸው፣ እነርሱም ገንዘቡን ተቀብለው ስምምነቱን ባለማፍረሳቸው አውግዘዋቸዋል። በእኔ አስተያየት የአማልፊን ፖሊሲ ከዚህ ክርክር በላይ የሚያስረዳ የለም፤ ከሁሉም ጋር መዋዋል፣ ለማንም ብለው ገበያ አለመዝጋት ነው።

የሚሸጡት ምን ነበር? ዞር ብለው ከበላያቸው ያለውን ተራራ ቢመለከቱ መልሱ አለ፤ እንጨት ነው። ግብፅና የሰሜን አፍሪካ ዳርቻ ለመርከብና ለቤት ሥራ የሚሆን ትልቅ እንጨት ይቸግራቸው ስለነበር፣ ከደቡብ ኢጣሊያ ተራሮች የሚቆረጠው ግንድ፣ ከእርሱም ጋር ብረትና የእርሻ ውጤት፣ በአማልፊ መርከቦች ወደዚያ ይጓዝ ነበር። በለውጡ የሚመጣው ወርቅ በቁስጥንጥንያ ሐር፣ የከበረ ጨርቅና ጌጣጌጥ ይገዛል፤ ያም ተመልሶ በሮማ፣ በሞንቴ ካሲኖ ገዳምና በሰሜን ኢጣሊያ ገበያዎች ይሸጣል። ከተማዋ ታሪ የተባለውን የወርቅ ሳንቲም ራሷ እስከ መምታት ደርሳለች፤ በዚያ ዘመን በላቲኑ አውሮፓ የወርቅ ገንዘብ የሚመታባቸው ቦታዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። በ10ኛው መቶ ዘመን ደቡብ ኢጣሊያን ያየው ዐረባዊው ተጓዥ ኢብን ሐውቀል አማልፊን በሎምባርድ ምድር ካሉት ከተሞች ሁሉ የበለጸገችና የተከበረች ብሎ ሲገልጻት፣ ከእርሷ እጅግ ትሰፋ የነበረችውን ኔፕልስን በሀብት ከኋላዋ አስቀምጧታል።

ፋጢማውያን የተባሉት የሙስሊም ገዢዎች በ969 ግብፅን ይዘው ካይሮን ሲቆረቁሩ፣ ቀድሞ በሰሜን አፍሪካ የሚያውቋቸው አማልፊዎች ተከትለዋቸው ሄዱ። ይህ ሕይወት አደጋ አልባ አልነበረም፤ በ996 በካይሮ የኸሊፋው የጦር መርከቦች ሲቃጠሉ ሕዝቡ የአማልፊን ነጋዴዎች ጠርጥሮ በርካቶቹን ገድሏል፣ ዕቃቸውንም ዘርፏል። ይሁንና አልቀሩም። የገዳማት መንደር በሆነው በአቶስ ተራራ፣ በግሪክ መነኮሳት መካከል፣ በላቲን ሥርዓት የሚቀድስ የአማልፊዎች ገዳም በ10ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ተመሥርቶ እስከ 13ኛው መቶ ዘመን ኖሯል። በኢየሩሳሌም ደግሞ ከተማዋ ገና በሙስሊሞች እጅ ሳለች፣ የመስቀል ጦረኞቹ ከመምጣታቸው 30 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ቀደም ብሎ፣ የአማልፊ ነጋዴዎች ፈቃድ አግኝተው ለላቲን ተሳላሚዎች ገዳምና የሕሙማን ማረፊያ ሠሩ። ኋላ የቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶች፣ አልያም የማልታ ባላባቶች ተብሎ የታወቀው ማኅበር የወጣው ከዚህ ማረፊያ ነው። ለእኛ አንባቢ ቦታውን ማመልከት ቀላል ነው። ከጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ካለው ከዴር ሱልጣን ወርደው ጥቂት ወደ ደቡብ ከተራመዱ ሙሪስታን የሚባለው ሰፈር ይገኛል፤ የአማልፊዎቹ ማረፊያ በዚያ ነበር፣ ገዳማቸው በነበረበት ቦታም ዛሬ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተሠራው የጀርመን ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ቆሟል።

እንግዲህ «ከዚያ ዘመን ምን ቀረ?» ለሚለው ጥያቄ ከመልሱ ግማሹ ከአማልፊ ውጭ ነው። በከተማዋ ውስጥ ያለውን ካነሣን ግን፣ አንድ ነገር ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ የካቴድራሉን የነሐስ በር እመርጣለሁ። ብዙው ጎብኚ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ባለ ብዙ ቀለሙን የፊት ገጽታ ነው፤ እርሱ ግን የቀድሞው በ1861 ከፈረሰ በኋላ እንደ ገና ተሠርቶ በ1891 የተፈጸመ፣ የ19ኛው መቶ ዘመን ሰዎች የመካከለኛው ዘመን ይህን ይመስል ነበር ብለው ያሰቡትን የሚያሳይ ሥራ ነው። በሩ ግን እውነተኛው ነው። በ1060 ገደማ በቁስጥንጥንያ ተሠርቶ በመርከብ የመጣ ሲሆን፣ ያሠራው በዚያ ይኖር የነበረው የአማልፊ ባለጸጋ ፓንታሌዎኔ ነው። በመካከሉ ያሉት አራት ሰሌዳዎች የክርስቶስን፣ የእመቤታችንን፣ የቅዱስ ጴጥሮስንና የቅዱስ እንድርያስን ሥዕል በብር ለብጠው ይዘዋል። የሞንቴ ካሲኖው አበ ምኔት ዴሲዴሪዮስ ይህን በር አይቶ ተደንቆ ለገዳሙ ተመሳሳዩን ከቁስጥንጥንያ አዘዘ፤ ከሮማ ቅጥር ውጭ ላለው ለቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያንም በ1070 ሌላ በር መጣ። አንድ ከተማ ለራሷ ገዝታ የምታመጣው ዕቃ የአገሩን ሁሉ ጣዕም ሲለውጥ ማየት የኃይሏን ልክ ከመርከብ ቁጥር ይልቅ በደንብ ያሳያል።

በነገራችን ላይ የሐዋርያው እንድርያስ ሥዕል በሩ ላይ ሲቀረጽ ዐፅሙ ገና አማልፊ አልደረሰም ነበር። ዐፅሙ የመጣው ከ140 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1208 ነው፤ በአራተኛው የመስቀል ጦርነት ላቲኖቹ ቁስጥንጥንያን ከዘረፉ በኋላ የአማልፊው ተወላጅ ካርዲናል ፒዬትሮ ካፑዋኖ ይዞት መጣ። ዛሬ ከካቴድራሉ ሥር ባለው ምድር ቤት ይገኛል፤ የከተማዋ ዐበይት በዓላት ኅዳር 30 እና ሰኔ 27 በእንድርያስ ስም ይከበራሉ። የሰኔው በዓል የሚያስታውሰው በ1544 የኦቶማኑ አሚራል ባርባሮሳ መርከቦች ወደ ዳርቻው ሲቃረቡ የተነሣውን ማዕበል ነው። የጠያቂያችን ጉዞ በግንቦት ስለሆነ ይህ በዓል አይገጥማቸውም፤ ከዋናው ቤተ ክርስቲያን ጎን ያለውን «የገነት አጸድ» የተባለውን የ13ኛው መቶ ዘመን የመኳንንት መካነ መቃብር ግን እንዳያልፉት እመክራለሁ። እርስ በርሳቸው የሚቆራረጡት ቀጫጭን ነጫጭ ቅስቶች ከፓሌርሞና ከሰሜን አፍሪካ የሕንፃ ጥበብ ጋር ያላቸው ዝምድና ያለ አስረጂ ይታያል።

በባሕሩ አቅራቢያ የመርከብ መሥሪያው ፍርስራሽ አለ። ሁለት ረጃጅም ባለ ቅስት አዳራሾች ቀርተዋል፤ የቀረው ግማሹን ባሕር በልቶታል። እዚያው የአማልፊ የባሕር ሕግ የሚባለው ድንጋጌ ይታያል። 66 አንቀጾች ያሉት ይህ ሕግ መርከብ፣ ጭነትና ሠራተኛ በአንድ ጉዞ ላይ ትርፍና ኪሳራን እንዴት እንደሚካፈሉ የሚደነግግ ሲሆን፣ ቅጂው ከቪየና ተመልሶ ለከተማዋ የተሰጠው በ1929 ነው። በአደባባዩ ላይ ሐውልት ስለቆመለት ስለ ፍላቪዮ ጆያ ግን ብዙ ጊዜ አያጥፉ። ኮምፓስን ፈለሰፈ የሚባለው ይህ ሰው ጨርሶ እንዳልነበረ፣ ስሙም የ15ኛውን መቶ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዮ ቢዮንዶን የጠቀሰ አንድ የላቲን ዓረፍተ ነገር ያለ አግባብ ተነብቦ እንደ ተፈጠረ የታሪክ ሰዎች አረጋግጠዋል። የአማልፊ መርከበኞች ኮምፓስን በቶሎ ለጉዞ ካዋሉት መካከል መሆናቸው ግን የሚያከራክር አይደለም።

ውድቀቱን በተመለከተ በጉብኝት መጻሕፍት የሚነገረው አንድ ታሪክ አለ፤ ኅዳር 25 ቀን 1343 ሌሊት ታላቅ ማዕበል ተነሥቶ ወደቡንና የታችኛውን ከተማ ዋጠው፣ አማልፊም አበቃላት ይባላል። ማዕበሉ እውነት ነው፤ ባለቅኔው ፔትራርካ ያን ዕለት ኔፕልስ ስለነበረ ያየውን በደብዳቤ ጽፎታል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም ምንጩ በስትሮምቦሊ እሳተ ገሞራ የተከሰተ መደርመስ ሊሆን እንደሚችል ያቀረቡ ተመራማሪዎች አሉ። ነገር ግን ማዕበሉ ያገኘው ቀድሞውኑ የደከመ ከተማ ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት የኖርማኖች መሪ ሮቤር ጊስካር አማልፊን የያዛት በ1073 ነበር፤ ይህም ከቁስጥንጥንያ ጠላት ጋር አንድ መንግሥት አደረጋት። በ1082 ንጉሠ ነገሥት አልክሲዮስ ለቬኒስ ታላቁን የንግድ መብት ሲሰጥ፣ በቁስጥንጥንያ ሱቅ ያላቸው አማልፊዎች ለቬኒሱ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ግብር እንዲከፍሉ አዘዘ። ከሁሉም ጋር በመዋዋል የኖረ ከተማ ከአንዱ ጎራ ጋር ሲታሰር የሚደርስበት ይህ ነው። በ1131 የሲሲሊው ንጉሥ ሩጀሮ 2ኛ የቀረውን ነጻነት ወሰደ፤ በ1135 እና በ1137 ፒሳዎች መጥተው ዘረፉ። እኔ የአማልፊን የንግድ ሞት የማየው በ1082 አካባቢ ነው፤ የ1343ቱ ማዕበል የወሰደው የሕንፃውን አካል ነው።

ሀብቱ ግን በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ ወደ ላይ ወጣ። ራቬሎን ያለዚህ ማብራሪያ መረዳት አይቻልም። በ365 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ይህች ከተማ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን የባንክና የግብር ሥራን የያዙ ቤተሰቦች መኖሪያ ሆነች፤ ከእነዚህም ሩፎሎዎቹ ለደቡብ ኢጣሊያ ነገሥታት ገንዘብ እስከ ማበደር ደርሰዋል። በካቴድራሏ ያለው በአንበሶች ጀርባ ላይ በቆሙ ስድስት ጠምዛዛ ዓምዶች የተሸከመ፣ በሞዛይክ ያሸበረቀ የስብከት ሰገነት በ1272 ያሠሩት እነርሱ ናቸው፤ የነሐስ በሩ ደግሞ በ1179 ተሠርቷል፤ የሠራው የትራኒው ባሪሳኖ ስለሆነ፣ በአንድ መቶ ሃያ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ጥበቡ ከቁስጥንጥንያ ወደ ኢጣሊያውያን እጅ መተላለፉን ሁለቱን በሮች ያነጻጸረ ሰው ይረዳል። በ1283 ንጉሣዊው መንግሥት የሩፎሎን ሰዎች በሙስና ከስሶ ሲቀጣ የራቬሎም ዘመን ማሽቆልቆል ጀመረ። የቤተሰቡ ቤት ፈራርሶ ከቆየ በኋላ በ1851 ፍራንሲስ ኔቪል ሪድ የተባለ ስኮትላንዳዊ ገዝቶ አደሰው፤ በ1880 የጀርመኑ ሙዚቃ ደራሲ ሪቻርድ ቫግነር የአትክልቱን ስፍራ ጎብኝቷል፤ ዛሬም በዚያው ከባሕሩ በላይ በተዘረጋ መድረክ የበጋ የሙዚቃ ፌስቲቫል ይካሄዳል።

በራቬሎ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቆም ብሎ የሚያየው ሌላ ቤት አለ። ኢጣሊያ አገራችንን ወርራ አዲስ አበባን በያዘችበት በ1936 «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ማዕረግ በራሱ ላይ የጨመረው ንጉሥ ቪክቶር ኤማኑኤል 3ኛ፣ ጦርነቱ ተገልብጦበት ሮማን ለቆ ከሸሸ በኋላ በ1944 በራቬሎ ቪላ ኤፒስኮፒዮ በተባለው ቤት ተቀምጦ ነበር። መንግሥቱ በዚያ ወቅት በአቅራቢያው በሳሌርኖ ሲሆን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም አዲስ አበባ ድረስ ጦር የመራው ፒዬትሮ ባዶሊዮ ነበር። ንጉሡ ሥልጣኑን ለልጁ ለኡምቤርቶ ያስተላለፈበትን ሰነድ የፈረመው ሰኔ 5 ቀን 1944 በዚህ ቤት ነው። ከዋናው አደባባይ ብዙ አይርቅም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ፣ ወደ ገደሉ ሥራ ልለፍ። ባሕሩ ከቀረ በኋላ ለዳርቻው ሰዎች የቀራቸው ውኃና ቁልቁለት ነው። ውኃው ወረቀት ሠራ። የወረቀትን ሥራ በንግድ ከሚያውቁት ከዐረቦች እንደ ወሰዱ ይታመናል፤ አሮጌ የጥጥ፣ የበፍታና የቃጫ ጨርቅ በካኔቶ ወንዝ ኃይል በሚነሡ የእንጨት መዶሻዎች ተወቅጦ ሊጥ ሲሆን በወንፊት ይነሣና ወረቀት ይሆናል። ንጉሠ ነገሥት ፍሬዴሪክ 2ኛ በ1231 የመንግሥት ሰነዶች በብራና እንጂ በወረቀት እንዳይጻፉ መከልከሉ፣ ወረቀቱ ቀድሞ ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደ ነበር ያሳያል። ከአማልፊ አደባባይ ወደ ላይ በሸለቆው ሲወጡ አንዱ አሮጌ ወፍጮ የወረቀት ሙዚየም ሆኖ፣ መዶሻዎቹም እየሠሩ ያገኟቸዋል።

ቁልቁለቱ ሎሚ ሠራ። የዚህ ዳርቻ ሎሚ በገበያችን ከምናውቀው ትንሹ ክብ ሎሚ የተለየ ነው፤ ረዘም ያለ፣ ጫፉ የሾለ፣ ልጣጩ ወፍራምና ሽታው ጠንካራ ነው። ለመርከበኞች ከድድ መድማት በሽታ መከላከያ በመሆኑ በሩቅ ገበያ ይፈለግ ስለነበር፣ በተለይ በ19ኛው መቶ ዘመን ገበሬዎች እርከኑን ወደ ላይ ወደ ላይ አስፋፉት። ኮንሶን ያየ ሰው አሠራሩን ወዲያው ይለየዋል፤ ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ ካብ፣ ከኋላው በሰው ጀርባ ተሸክመው የሞሉት አፈር፣ ውኃ በቀስታ እንዲወርድ የተተወ ቀዳዳ። የአማልፊ ዳርቻ በ1997፣ ኮንሶ በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገቡት በአንድ ዓይነት ስያሜ፣ በባህላዊ መልክዓ ምድርነት ነው። ልዩነቱ ከዛፉ በላይ ያለው ነው፤ አማልፊዎች ከላይ ከተራራው በሚቆርጡት ቼስትነት የተባለ ዛፍ ግንድ ዳስ ሠርተው፣ በክረምት ከበረዶና ከነፋስ እንዲጠብቀው ቀድሞ በቅጠልና በጭራሮ፣ ዛሬ በጥቁር መረብ ይሸፍኑታል። ፍሬው እስከ ዛሬ በብዙ ቦታ በትከሻ ይወርዳል፤ እርከኑ ለመኪና ቀርቶ ለጋሪም አይመችምና።

ከላይ ያነሣሁት አመድ እዚህ ላይ ይመጣል። በኖራው ድንጋይ ላይ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አፈር ለም ነው፤ ነገር ግን ከድንጋዩ ጋር አይጣበቅም፤ ኃይለኛ ዝናብ ሲያገኘው ተላቆ ይወርዳል። በጥቅምት 1954 ሌሊት በጣለው ዝናብ ከሳሌርኖ እስከ ሚኖሪ ከ300 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በመስከረም 2010 ደግሞ በአትራኒ የድራጎኔ ወንዝ፣ ከመንገድ ሥር ተሸፍኖ ከሚፈስበት ቦይ ወጥቶ የከተማዋን መካከል በጭቃ ሞላው፤ አንዲት ወጣትም ሕይወቷ አለፈ። የእርከን ካብ የሚጠግን እጅ ሲጠፋ ይህ አደጋ ይብሳል፤ ወጣቱ ወደ ሆቴልና ወደ ምግብ ቤት ሥራ በመሄዱ የተተዉ እርከኖች ብዙ ናቸው። ጎብኚው የሚከፍለው ገንዘብ መልክዓ ምድሩን ያቆማል ወይስ ያፈርሳል የሚለው ክርክር በዳርቻው ላይ ዛሬም ትኩስ ነው፤ እኔ ገንዘቡ ወደ ካቡ እስካልደረሰ ድረስ ያፈርሳል ከሚሉት ወገን ነኝ።

ወደ ባሕሩ በወጡት የገደል ጫፎች ላይ የሚያዩአቸው የድንጋይ ማማዎች የ16ኛው መቶ ዘመን ናቸው። ኔፕልስን በስፔን ስም የሚገዙት እንደራሴዎች ዳርቻውን ከኦቶማን መርከቦች ለመጠበቅ አሠሯቸው። ኦቶማኖች በ1557 ምጽዋን በያዙ በዓመቱ፣ በ1558፣ ሌላው መርከበኛ ጦራቸው ከዚህ ተራራ ማዶ ያለችውን ሶሬንቶን ዘርፎ ሕዝቧን ማርኮ ሄዷል፤ የማማው ሥራም ከዚያ በኋላ ተፋጠነ። የመኪናው መንገድ ደግሞ ከሁሉም ወጣት ነው። የኔፕልስ የቡርቦን ነገሥታት በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እስኪፈጽሙት ድረስ ከከተማ ወደ ከተማ የሚኬደው በጀልባ ወይም በበቅሎ ደረጃ ነበር። ፖዚታኖን የመሰሉ ከተሞች ሁሉም ቤት ፊቱን ወደ ባሕር አዙሮ የቆመውም ስለ ውበት ሲባል አይደለም፤ ሰውና ዕቃ የሚመጣው በዚያ በኩል ስለ ነበር ነው።

ለሦስቱ ቀናት የምመክረው ከዚህ የተነሣ ነው። ማረፊያዎን አማልፊ ወይም አትራኒ ያድርጉ፤ አትራኒ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚርቅና ጸጥ ስለሚል እኔ እርሱን እመርጣለሁ፤ የአማልፊ መሳፍንት የሚሾሙበት የሳን ሳልቫቶሬ ቤተ ክርስቲያንም እዚያው አለ። ከኔፕልስ በባቡር እስከ ሳሌርኖ፣ ከሳሌርኖ በመርከብ መምጣት ይሻላል፤ ዳርቻውን የጥንት ነጋዴዎች ከሚያዩት አቅጣጫ ያዩታል፣ በጠባቡ መንገድ ላይ ከሚፈጠረው የመኪና ሰልፍም ይድናሉ። የመጀመሪያውን ቀን ለአማልፊና ለወረቀቱ ሸለቆ ይስጡ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደ ራቬሎ በአውቶቡስ ወጥተው፣ ከሰዓት በኋላ በደረጃው መንገድ ወደ ሚኖሪ በእግር ይውረዱ፤ በሚኖሪ የ1ኛው መቶ ዘመን የሮማውያን ቪላ አለ፤ ከዚያ እስከ ማዮሪ ያለው «የሎሚ መንገድ» በእርከኖቹ መካከል ስለሚያልፍ ካቡን በቅርብ ያዩበታል። ሦስተኛውን ቀን ብዙው ጎብኚ ለፖዚታኖ ይሰጣል፤ እኔ ግን ወደ ቼታራ እንዲሄዱ እመክራለሁ። አሁንም ከዓሣ ማጥመድ የሚኖር ከተማ ነው፤ አንቾቪ የተባለውን ትንሽ ዓሣ በጨው በእንጨት በርሜል ደርድረው ለወራት ካቆዩ በኋላ የሚያንጠባጥቡት ቡናማ ፈሳሽ ከሮማውያን ዘመን የዓሣ ቅመም የሚዘመድ ሲሆን፣ በፓስታ ላይ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ከቼታራ አለፍ ብሎ ወደ ሳሌርኖ መውጫ ላይ በሸክላ ሥራዋ የታወቀችው ቪየትሪ ስለምትገኝ መመለሻዎን በዚያ ማድረግ ይችላሉ። ባሕሩ ከታወከ መርከቦቹ ያለ ብዙ ማስጠንቀቂያ ስለሚቆሙ፣ አውሮፕላን የሚይዙበት ዕለት ከሆነ በመርከብ ላይ ብቻ አይተማመኑ፤ አውቶቡሱ ከአማልፊ ተነሥቶ ሁለቱንም ከተሞች አቋርጦ ሳሌርኖ ይደርሳል።